መች ተጫወትንና

ሻርጃ፣ ኢንዱስትሪያል አሥር፣ የጎማ መጋዘን እጠብቃለሁ፤
ጎማ አይሸሽም፣ ሌባ አይመጣም፣ እኔ ብቻ እነቃለሁ።
ከጉልዛር በመቶ ሃያ ድርሃም የገዛሁት ላፕቶፕ አለኝ፣
ማራገቢያው እያጓራ ሌሊቱን የሚገፋልኝ።
ጨዋታው የእርሻ ነው፤ ዝናቡ በቀጠሮው ይጥላል፣
ደመወዝ የሚይዝ አሠሪ የለም፤ የዘራ ሁሉ ይበላል።

ዓርብ ማታ ነስረዲን፣ የክፍሌ ልጅ፣ የደጋኑ ጫኝ፣
አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሲያይ ቆየና "እኔስ?" አለኝ።
"በሬውን አውቀዋለሁ፣ ማረሻውንም አውቀዋለሁ፤
ጽሑፉ ነው እንጂ የሰው አገር፣ እሱ ላይ እወድቃለሁ።"

የጨዋታውን ሆድ ከፈትኩት። ቃሉ ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ ተደርድሯል፤
በግራ ማሽኑ የሚጠራበት ስም፣ በቀኝ ሰው የሚያየው ተጽፏል፤
መሐላቸው እኩል ይሆናል።
ግራው አይነካም፤ ከነካኸው ጨዋታው እዚያው ይሞታል።
"እንደ መታወቂያችን ነው" አልኩት። ሳቀ።
ሱፐርቫይዘሩ "ሙሄ" እያለ ነው የሚጠራው፤
ሙሄ አያቱ ናቸው፤ ሦስት ዓመት ለሙት ስም አቤት እያለ ነው የኖረው።

መጀመሪያ ሳስነሳው ፊደል የለም፤ ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን፣
መብራት ሲጠፋ የካምፓችን መስኮት ከውጭ እንደሚመስለን።
ጨዋታው ግዕዝ አያውቅም። የሚያውቅ ፊደል ፈልጌ፣ አውርጄ ከተትኩበት፤
በሦስተኛው ሌሊት "ሀ" ብቅ ስትል ነስረዲንን ከእንቅልፉ ቀሰቀስኩት።
ከዚያ አንዲት የጥቅስ ምልክት ረስቼ
ሳምንት ሙሉ አልነሳ አለን፤
በአንዲት ጭረት፣ ከጸጉር በቀጠነች፣
ሁለት ጎልማሳ ስንለምን።

"ጫን" ብዬ ነበር፣ ያቆመበትን እንዲያመጣለት።
አነበበና ጀርባውን ያዘ። "ቀን ጫን፣ ማታ ጫን!
ወንድሜ፣ እዚህ እንኳ ወገቤን ተወው።"
አጠፋሁት። "ካቆምክበት" አልኩት።
"አድን" ብዬም ነበር። "ማንን?" አለኝ።
መልስ አጣሁ፤ "አስቀምጥ" አደረግሁት።
ቁልፏ ጠባብ ናት፣ የኛ ቃል ደግሞ ይረዝማል፤
"አስቀም" ይልና "ጥ" ከአጥር ውጭ ይቀራል።
"አኑር በለው" አለ ከብርድ ልብሱ ውስጥ።
ሦስት ፊደል። ገባ።

"ውጣ" ብቻ ቀረን።
ሲነኩት ይጠይቃል፦ መውጣትህን እርግጠኛ ነህ? ያላኖርከው ይጠፋል።
ነስረዲን ተቆጣ። "ፖሊስ ነው እንዴ? ሰው ሲነሳ እንዲህ ይባላል?
በል ጻፍ፣ እንደ ሰው ጻፍ።"
እኔም ጻፍኩ፦
*ምነው፣ ምን አስቸኮለህ? መች ተጫወትንና!*
ከሥሩ ሁለት ቁልፍ። በቀኝ "ልሂድ"፣ በግራ "ልቆይ"።
ያን ሌሊት አሥር ጊዜ ወጣ፣ አሥር ጊዜ ተመለሰ፣
ጥያቄውን ለማንበብ ብቻ፤ ሲነጋ ጫማውን ለበሰ።

በሐምሌ ኩባንያው ኮንትራቱን አላደስም አለው።
ካርቶኑን በሲባጎ ጠፍሮ፣ ስሙን በማርከር ጻፈበት፣ የራሱን፣ የአያቱን አይደለም።
ታክሲው ታች ጥሩምባውን ይነፋል፤ እኔ ደግሞ ቃል የለኝም።
አንድ ሺህ ቃል የቀየርኩ ሰውዬ
በሩ ላይ ቆሜ ያገኘኋት ይቺን ነው፦
"ምነው፣ ምን አስቸኮለህ? መች ተጫወትንና!"
ዞር አለ። ጣቱን ዘረጋ፣ አየሩ ላይ፣ በቀኝ በኩል፣
ቁልፏ ያለችበትን በልቡ ያውቃል፣
ጫን አደረጋት።

እርሻው እስካሁን አለ። "ነስረዲን" ይላል ከላይ፤
ማሽላው ደርሷል፣ አጎንብሷል፣ የሚያጭደው ሰው ሳያይ።
አንዳንዴ ሲነጋጋ፣ ጎማዎቹን ቆጥሬ ስጨርስ፣
ገብቼ ልጭድለት እላለሁ። እተወዋለሁ መልስ።
ይቆየው። ወፍ ይጨርሰዋል ብዬ እንኳ አልሰጋም፤
ፋይሉን ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ፣
እዚያ አገር ወፍ የለም።